መስቀል ስለ ሆነው ጠገራ ብር

በቡሬና በፍኖተ ሰላም በዙሪያውም ባላገር በሽማግሎች አንገት ላይ ከሚታዩት የብር መስቀሎች ከፊሎቹ አስቀድመው ገንዘብ ነበሩ። አንጥረኛው ጠገራ ብሩን አቅልጦ የሠራው እንደ ሆነ ምልክት አይገኝበትም፤ ሳያቀልጥ ቆርጦና ሞርዶ ያበጀው እንደ ሆነ ግን ብሩ ራሱን ይገልጣል። በአንዱ ፊት የኦስትርያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መጎናጸፊያ እጥፋት፥ በሁለተኛው ፊት ሁለት ራስ ያለው ንስር ላባ ይታያል። የመስቀሉ ጫፎች የብሩን ክብ ዳር እንደ ያዙ ከቀሩም፥ በዳሩ ዙሪያ በላቲን ከተጻፈው ቃል ጥቂት ፊደል ይገኛል፤ ትርጓሜውም «ፍትሕና ርኅራኄ» ማለት ሲሆን የንግሥቲቱ መሪ ቃል ነበረ።

ንግሥቲቱ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1780 ዓ.ም. ሞተች፤ ብሯ ግን በዚያው ዓመት ቁጥር ከሞተችም በኋላ ሲቀረጽ ኖረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፥ ከሺህ እጅም 833ቱ ንጹሕ ብር ስለ ሆነ አንጥረኛ ወደደው።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የአንጥረኛ ነው። ዳሩ ግን ከዓባይ ማዶ የመጡ ባሮች በጎጃም በባሶ ገበያ ይሸጡ በነበረበት ዘመን፥ ይህ ብር በቡናና በጨው ብቻ አልተለወጠም። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረው ሰው የንግሥት መልክ ባለበት ብር ተለወጠ፤ በብሩም ዳር ፍትሕና ርኅራኄ የሚል ተጽፎ ነበር። እንዲህ ያለው ብር መስቀል ሊሆን ይገባልን?

አይገባም የሚል ሰው የካህናተ አይሁድን ሥራ ይጠቅሳል፤ ይሁዳ የመለሰውን 30 ብር የደም ዋጋ ነው ብለው ወደ መባው ሣጥን ማግባትን እንቢ አሉ። ነገር ግን ያን ብር የከፈሉት እነርሱ ራሳቸው አልነበሩምን? ከብሩ ሸሹ እንጂ ከሥራቸው አልሸሹም። እስራኤል ከግብጽ ያወጡትም ወርቅ ጥጃም ሆኗል፥ ለደብተራ ኦሪትም ተሰጥቷል።

በሌላው ወገን፥ እሳት ሁሉን ያነጻልና ከቀለጠ በኋላ የቀድሞውን መመርመር አያሻም የሚል አለ። ይህ ፈጥኖ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ እሳት የብሩን መልክ ያጠፋል እንጂ የተሸጠውን ሰው ወደ አገሩ አይመልስም። በቅኔ ቤት ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይቀራል፤ በዚህ ብር ግን ምሥጢሩ ያለው ሳይቀልጥ በቀረው ዳር ነው።

ስለዚህ የንስሩ ላባ ነውር መስሎት በሞረድ ሊያስፍቅ የሚሄድ ወራሽ፥ አያቱ ብሩን በምን እንዳገኙት አስቀድሞ ቤተ ዘመዱን ይጠይቅ። ምናልባት በማር፥ ምናልባት በጤፍ ይሆናል። በሰው እንደ ሆነ ግን፥ የዚያ ሰው የልጅ ልጆች በዚያው መንደር፥ በዘር ቆጠራ ስማቸው ሳይጠራ፥ ዛሬም ይኖሩ ይሆናል።