ወጋየሁ ለዋግም አንብቧል

በሬዲዮ ታሪካችን አድማጭን አጥብቀው ካሳቁት ሥራዎች አንዱ ለማሳቅ ተብሎ የተዘጋጀ አልነበረም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» መጨረሻው ሞት የሆነ የፍቅር ታሪክ ነው። በደርግ ዘመን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው ግን አድማጩ ወደ ልቅሶው ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ ስቋል። ፊታውራሪ መሸሻ በዘር ሐረጋቸው ሲኮፈሱ ይሳቃል። ጉዱ ካሳ ሌላው ሰው በሆዱ የያዘውን በአደባባይ ሲዘረግፈው ይሳቃል፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁ ጉሮሮ ላይ ይቆማል፤ ሰውየው የተናገረው እውነት ነዋ።

ስለ ዛሬው የሬዲዮ ቀልድና ስለ ድሮው ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚለው «የድሮው ይሻላል» ነው። ትዝታ ስለሚያዳላ ይህን ፍርድ እንደወረደ አልቀበለውም። ግን በድሮው ውስጥ ልንማርበት የሚገባ አንድ ነገር እንዳለ አምናለሁ፤ እሱም ከዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ከሰቆጣ ሆኖ ሲታይ ከአዲስ አበባ ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

ወጋየሁ የመድረክ ተዋናይ ነበር። ማይክሮፎኑ ፊት የተቀመጠው ብቻውን ነው። ፍቅረኞቹ ሰብለና በዛብህም፣ ፊታውራሪውም፣ ጉዱ ካሳም ከአንድ ጉሮሮ ወጡ። የሚያግዘው የተመልካች ሳቅ አልነበረም፤ እሱም ራሱ አይስቅም። ፊታውራሪው ራሳቸውን ከልባቸው የሚያከብሩ ሰው ናቸውና ወጋየሁም በክብራቸው አነበባቸው፤ መሳቁን ለአድማጩ ተወለት። በሬዲዮ ቀልድ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ጥበብ አላውቅም። አድማጭ ሰውየውን በዓይኑ ስለማያየው በራሱ ሰፈር ከሚያውቀው ኩሩ ባላባት ላይ መልኩን ይወስድለታል። መጽሐፉ የጎጃም ነው፤ ማንኩሳና ዲማ ናቸው ቦታዎቹ። ሆኖም በዘሩ የሚኮራ ሹም ለዋግ ሰው እንግዳ አይደለም። በአካባቢው ገዥዎች፣ በዋግሹሞች፣ ሥር ትውልድ ከትውልድ የኖረ ሕዝብ ፊታውራሪ መሸሻን ለማወቅ አስጎብኚ አያስፈልገውም።

ይህ ድምፅ ሰቆጣ የደረሰው በሞገዱ ዓይነት ምክንያት ነው። ሰቆጣ ከአዲስ አበባ 720 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ አገሩ ገደልና ተራራ ነው፤ በምዕራብ በኩል ተከዜ ምድሩን ሰንጥቆት ይወርዳል። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ ከከባቢ አየር የላይኛው ክፍል ተንጸባርቆ ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም። ባትሪ ድንጋይ የገዛ ሰው፣ እየተንሿሿም ቢሆን፣ የአዲስ አበባን ድምፅ ከዋግ ወረዳዎች ከዝቋላም ከደሃናም ሆኖ ይሰማ ነበር። ኤፍኤም ግን ድምፁ ጥርት ያለ ቢሆንም እንደ ዓይን እይታ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ፊቱ ጋራ ከቆመ እዚያው ያበቃል።

ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ይመስላል። እኔ ግን የቀልዳችንን መልክ የለወጠው እሱ ነው እላለሁ። ያኔ ለብሔራዊው ሬዲዮ የሚጽፍ ሰው አድማጩ ማን እንደሆነ አያውቅም ነበር፤ የአሰብ ወዛደር ሊሆን ይችል ነበር፣ የዋጉ የጋዝጊብላ ገበሬም ሊሆን ይችል ነበር። ስለዚህ ሁሉም ቤት ያለውን ይፈልግ ነበር፦ ንፉጉን፣ ጉረኛውን፣ አማቱን የሚፈራውን፣ ዳኛ ፊት ምላሱ የሚታሰረውን። ኤፍኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ የአዲስ አበባ አድማጭ የሚገባውን አገኘ። ጨዋታው ሞቀ፣ ስልክ ተከፈተ፣ አቅራቢው እንደ ጎረቤት ማውራት ጀመረ። በዚያው መጠን የቀልዱ አገር ጠበበ። የታክሲ ወረፋ፣ የቦሌ ካፌ፣ የኮንዶሚኒየም ጎረቤት፣ ትናንት ማታ በቴሌቪዥን የታየው ሰው። እነዚህ ለመዲናዋ ሰው ያስቃሉ፤ ሰቆጣ ላይ በስልክ ሚሞሪ ተቀድተው ሲደርሱ ግን ግማሹ ቀልድ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሌላው የጠፋው የተጻፈ ነገር ነው። ቀልደኞቹ እነ ተስፋዬ ካሳ፣ እነ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ እነ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በቴሌቪዥንም በካሴትም ሲሠሩ የተሰናዳ ነገር ይዘው ነበር የሚቀርቡት። ሁለት ሰው ሲቀባበል አንዱ የሚጥለውን ሌላው የት ላይ እንደሚያነሳው ተለማምደውታል። ካሴቱን የገዛ ሰው አሥሬ እንደሚያሰማው ያውቃሉና ቀልዱ አሥረኛውም ጊዜ መቆም ነበረበት። የዛሬው የስቱዲዮ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይጀመራል፤ ሁለት አቅራቢዎች እርስ በርስ ይሳሳቃሉ፤ አድማጩ እነሱ ለምን እንደሳቁ ለማወቅ ይደክማል። ጎበዝ ተጫዋቾች ስለሌሉ አይደለም። የሦስት ሰዓት ፕሮግራም በየቀኑ በአፍ ብቻ ሙላ የተባለ ሰው ከየት አምጥቶ ይጻፍ?

በሌላው ዓለምም የሬዲዮ ቀልድ ያደገው በጽሑፍና በትዕግሥት ነው። አሜሪካዊው ጃክ ቤኒ በ1932 እ.ኤ.አ. የሬዲዮ ፕሮግራሙን ሲጀምር ራሱን ንፉግ አድርጎ ማቅረብ ያዘ፤ ጸሐፊዎቹም ያንን ንፉግነት ሳምንት ከሳምንት ገነቡት። በ1948 እ.ኤ.አ. አንድ ወንበዴ አስቁሞት ገንዘቡን ወይስ ሕይወቱን እንደሚሰጥ ሲጠይቀው ቤኒ ዝም አለ። ዝምታው ላይ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ያ ዝምታ የዓመታት ሥራ ነበር፤ አድማጩ ሰውየውን ባያውቀው ኖሮ ማሠራጫው የተበላሸ ይመስለው ነበር። ወጋየሁም ምዕራፍ በምዕራፍ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ አድማጭን ከሰውየው ጋር አስተዋወቀ፣ ከዚያ በኋላ አንዲት ሳል ትበቃለች።

ስለ ድሮው እውነቱን ከተናገርን ጉድለቱም ይነገር። ሳንሱር ነበር፤ በባለሥልጣን መቀለድ አይሞከርም። የብሔራዊው ሬዲዮ ሳቅም በዋናነት በአማርኛ ነበር። በኽምጣኛ አፉን የፈታ የዋግ ልጅ በአማርኛ ይስቃል፤ እናቱ የምትቀልድበት ቋንቋ ግን ከሬዲዮ አይወጣም ነበር። በዚህ በኩል ዘመኑ የተሻለ ነገር አምጥቷል። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ከአማርኛ ጋር በኽምጣኛም ያሰራጫል፤ ዋግ ኽምራም የራሱ የማኅበረሰብ ሬዲዮ አለው። ተራራው የአዲስ አበባን ኤፍኤም ካገደ፣ እዚሁ ተራራ ላይ የቆመ አንቴና ደግሞ ለዚህ ሕዝብ ብቻ መናገር ይችላል። ድሮ ያልነበረ ዕድል ነው።

ዋግን ውጭ ያለው ሰው የሚያውቃት በረሃብ ነው። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ስሟን ለዓለም አደረሰ፤ በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። ቃል ኪዳኑ መልካም ነው፤ ይፈጸምም። ነገር ግን ስለዚህ አገር ረሃብ ይህን ያህል ሲጻፍ ስለ ጨዋታው የሚጠይቅ መጥፋቱ ያሳዝነኛል። ነሐሴ 16 የሻደይ በዓል ሲገባ ልጃገረዶች ሻደይ የሚባለውን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ከቤት ቤት ሲዞሩ በግጥማቸው ያወድሳሉ፣ ይነካካሉ፣ ቆንቋናውን ያሳፍራሉ። ይህ ሁሉ ተቀድቶ የባህል ዜና ተብሎ ሁለት ደቂቃ ይተላለፋል። ከዚያ ውስጥ ግን ለዓመት የሚበቃ የሬዲዮ ገጸ ባሕርይ አለ፦ ለጨፋሪዎቹ ላለመስጠት በር የሚዘጋው ሀብታም፣ ከእነሱ ጋር ግጥም የምትገጥም አሮጊት፣ ማርና ፍየል ሊሸጥ ገበያ ወጥቶ ወሬ ሸምቶ የሚመለስ አባወራ።

እንግዲህ በሰቆጣና በባሕር ዳር ማይክሮፎኑን ለያዛችሁ ባልደረቦች የምለው አለኝ። የአዲስ አበባን የስቱዲዮ ጨዋታ አትቅዱ፤ እሱ ለአዲስ አበባ የተሰፋ ነው። አንድ ጸሐፊ ቅጠሩ፣ የሚገባውን ክፈሉት፤ ሳምንቱን ሙሉ ጽፎ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጣችሁ አትዘኑ። አንድ ገጸ ባሕርይ በኽምጣኛ ፍጠሩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሰው አልሳቀም ብላችሁ አትጣሉት፣ ለዓመት አቆዩት። የሚያነበው ሰው መጀመሪያ እንዳይስቅ ንገሩት። ሽማግሌዎቹ የሚያውቁትን ቀልድ ደግሞ አሁኑኑ ቅዱት፤ እነሱ ካለፉ ከየትም አይገኝም።