መልቀቂያህን ከቤትህ ደብቀህ አታስገባ

አርባን የተሻገራችሁ፣ ትዳር የያዛችሁ፣ ልጅ የምታሳድጉ ወንድሞቼ፣ የዛሬው ቃሌ ለእናንተ ነው። ሥራ መቀየር ነውር አይደለም። ጎተራ የማይሞላ ሥራ ይዞ እስከ ጡረታ መጎተትም ጽድቅ አይደለም። ነውሩ የሚስትን ዓይን ሸሽቶ፣ ልጆችን አታሎ፣ በስውር መቀየር ነው። ይህ ነገር በየሰፈሩ እየበዛ ነው፤ አሁንስ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሰሞኑን አንድ ለቅሶ ላይ ነው። የእድራችን አባል የሆነች ሴት ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ስታዞር፣ ከባለቤቷ ጋር ያስተምር የነበረ መምህር ያገኛትና በቅን ልቡና፣ «አዲሱ ሥራ እንዴት ሆነለት? እኛ እኮ ያለ እሱ ጭር ብሎብናል» ይላታል። ሳህኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ባሏ የዚያን ዕለት ጠዋት ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ «ዛሬ ፈተና አለብኝ» ብሎ ነው የወጣው! ለካስ ትምህርት ቤቱን ከለቀቀ አራት ወር አልፎታል። በጋራ ሲጥሉት የኖሩት እቁብ ሲወጣ «ገና ነው» ብሎ ወስዶ፣ በላዩ ላይ ከዘመድ ተበድሮ፣ አሮጌ ቪትዝ ገዝቶ የራይድ ሹፌር ሆኗል። መኪናዋን ከቤቱ ሁለት ፌርማታ ርቆ አንድ ግቢ ውስጥ ያሳድራታል። ጠዋት በእግሩ ሄዶ ያስነሣታል፣ ማታ አቁሟት በእግሩ ይመለሳል። ቦርሳው ውስጥ ያለው ያለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት ነው።

እስቲ ንገሩኝ፣ ይህ ምን ይባላል?

የመምህር ደመወዝ የቤት ኪራይ ተከፍሎበት ወር እንደማያደርስ አውቃለሁ። ልጅ የዩኒፎርም ሲጠይቅ አንገት መድፋት ምን እንደሚመስልም አውቃለሁ። ተርበህ ቆይ ያለህ የለም። መኪና መንዳትም ክቡር ሥራ ነው፤ ሌሊት በዝናብ የታመመ ሰው ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሹፌር ምርቃት እንጂ ንቀት አይገባውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያቺን ሴት ጠይቋት ቢሆን ኖሮ፣ ገበያ ላይ ከሰው ጋር ተከራክራ ቤት ያቆመች ሴት ናትና፣ እሱ ያላሰበውን ሁሉ ትጠይቀው ነበር። ነዳጁስ? ለድርጅቱ የሚቆረጠው ኮሚሽንስ? ጎማው፣ የፍሬን ሸራው፣ ቦሎው፣ ሦስተኛ ወገኑ? መኪናዋ ጋራዥ የገባች ሳምንት ምን እንበላለን? ይህን ጥያቄ የፈራ ሰው ነው የሚደበቀው። አሁን እነዚያ ጥያቄዎች ሁሉ መጥተዋል፤ የሚመልሳቸው ግን ብቻውን ነው፣ ያውም ዕዳ ተሸክሞ።

ሕጉን የሚያውቅ አለ ወይስ የለም? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎች የጋራ የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ይህ ለቤትና ለቦታ ብቻ አይደለም፤ ከ500 ብር በላይ መበደርም ያለ ሌላኛው ፈቃድ አይቻልም ይላል። አምስት መቶ ብር! ዛሬ አንድ ኪሎ ሥጋ እንኳ በወጉ የማይገዛ ገንዘብ ነው፤ ሕጉ ግን ይህችኑ ስንኳ ብቻህን አትበደር አለህ። አንተ ግን የሃያ ዓመት እንጀራህን በአንዲት ወረቀት ስትቆርጥ ሚስትህ አላወቀችም።

አሠሪና ሠራተኛ ሕጉም ቢሆን ለቃቂ ሠራተኛ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። ልብ በሉ! ለአለቃው የሠላሳ ቀን ወሬ ይሰጣል፤ ልጆቹን ለወለደችለት ሴት የአንድ ማታ ወሬ ይነፍጋል። አለቃው ነገ ሌላ ይቀጥራል። እሷ ማንን ትቅጠር?

ሃይማኖት አለን የምንል ሰዎች ነን። ሙሴን ተመልከቱ። አርባ ዓመት በምድያም በጎችን ሲጠብቅ ኖሮ፣ ሰማንያ ዓመት ሲሆነው ነው ሕዝብ የሚመራበት ሥራ የተሰጠው። የተናገረው እግዚአብሔር ነው፤ ቁጥቋጦው እየነደደ ነው። እንዲያም ሆኖ ሙሴ በቀጥታ ወደ ግብፅ አልገሠገሠም። ወደ አማቱ ወደ ዮቶር ተመልሶ ልሂድ ወይ ብሎ አስፈቀደ፤ ዮቶርም በሰላም ሂድ ብሎ አሰናበተው። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወጣ። ከሰማይ የታዘዘው ሰው ለቤተሰቡ ሲናገር፣ ካፌ ውስጥ ወሬ የሰማው ሰው ለምንድን ነው የማይናገረው?

ክብርት አበበች ጎበናን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የቡናና የእህል ጥራት ተቆጣጣሪ ሆነው ሲሠሩ ኖረው፣ አርባን ከተሻገሩ በኋላ፣ ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ በሄዱበት በረሃብ የወደቀ ሕዝብ አዩ። ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው 21 ሕፃናት ሆኑ። ባለቤታቸው አልተስማሙም፤ ዘመድም አበደች አለ። እሳቸው ግን ያንን ሁሉ በግልጽ ተጋፈጡት፤ ትዳራቸውንም የተለዩት ፊት ለፊት ነው፤ ቆሎ እየቆሉ፣ እንጀራ እየጋገሩ እየሸጡ ልጆቹን አሳደጉ። ዋጋ አስከፍሏቸዋል፤ ግን አንድም ቀን የውሸት ቦርሳ አንግተው ከቤት አልወጡም! ቤተሰብ እንቢ ሊል ይችላል። እንቢታን መስማትና እንቢታን ፈርቶ መደበቅ አንድ አይደሉም።

ቅድም ያነሣሁት የካፌ ወሬ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ደሜ ፈላ። በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዘው ያለፈ ያገደመውን፣ «አንተ እስካሁን እዚያው ነህ? ስንት ይከፍሉሃል?» የሚሉ አሉ። ያችን «እዚያው ነህ?» የምትል ቃል ስንት አባወራ ከእንቅልፉ እንደነቃባት ባወቁ! እነሱ ራሳቸው ምን እንደሚሠሩ አይታወቅም። ሌሎቹ ደግሞ አዳራሽ ተከራይተው፣ ከረባት አስረው፣ መግቢያ እያስከፈሉ «የራስህ አለቃ ሁን» ይላሉ። ተቀጥሮ መሥራት ባርነት ነው ብለው የሚያስተምሩት ከተቀጣሪ ደመወዝ በሰበሰቡት ብር ነው። መምህሩ ደግሞ በዚህች አገር ከማንም በላይ ልቡ የተሰበረ ሰው ነው። አገር የሚሠራው መምህር ነው እያልን በየመድረኩ እናጨበጭባለን፤ ቤት ሊከራይ ሄዶ «መምህር ነኝ» ሲል አከራዩ ፊቱን ያዞርበታል። ልጃችን አስተማሪ ልሁን ሲለን «ሌላ አጣህ?» እንለዋለን። ይህን ሁሉ ስናደርግ ኖረን ጠመኔውን ጥሎ ሲወጣ እንገረማለን። ነገ ልጆቻችን ፊት ማን ሊቆም ነው?

ቢሆንም ይህ ሁሉ ለመደበቅ ፈቃድ አይሆንም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነች አንዲት ጎረቤቴ እንጀራ እየጋገርኩ ለሱቅ ላስረክብ፣ ቢሮውን ልተው ብላ አሰበች። ባሏንና ሁለት ልጆቿን ሰብስባ ተናገረች። የመንግሥት ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 20 የሥራ ቀን፣ ሲቆይ እስከ 30 የሚደርስ የዓመት ፈቃድ አለው፤ እሷ ፈቃዷን ጠቅልላ ወሰደች። ጤፉን፣ ማገዶውን፣ የመብራቱን ክፍያ፣ የተመለሰውን እንጀራ ሁሉ በልጇ ደብተር ላይ ጻፈች። መብራት ሲጠፋ የተቦካው ሊጥ ምን እንደሚሆን አየች። በመጨረሻ ተቀምጠው ደመሩና ቢሮዋ ይሻላል አሉ። ተመለሰች። ማንም አልሳቀባትም፣ ዕዳም አልገባችም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው እሷን አላገኛትም። ሴቶቻችን ለሁለት ኪሎ ሽንኩርት እንኳ ያማክራሉ፤ ወንዶቻችን የቤቱን ምሰሶ ሲነቅሉ አያማክሩም!

እንግዲህ ልትቀይር ያሰብክ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ለቤትህ ተናገር። ከዚያ የጡረታህን ነገር ከሰው ኃይል ክፍል ጠይቅ። ከደመወዝህ 7 በመቶ፣ ከአሠሪህ 11 በመቶ ሲገባልህ የኖረ ገንዘብ ነው፤ ስልሳ ሳይሞላህ ስትወጣ ያገለገልከው ዘመን ምን እንደሚሆን በወሬ ሳይሆን በጽሑፍ ያዝ። ፈቃድህን ወስደህ አዲሱን ሥራ በእጅህ ዳስሰው፤ ሹፌርነት ከሆነ የሌላ ሰው መኪና ተቀብለህ ለሁለት ሳምንት ንዳ። ሒሳቡን ሚስትህ ትያዘው።

ደብቀህ የወጣህ ደግሞ ዛሬ ማታ ተናገር። ነገ አትበል፤ ነገ ሌላ ለቅሶ ቤት ሌላ ሰው ይነግራታል። የመኪናዋን ሊብሬ፣ የተበደርከውን ልክ፣ ያበደረህን ሰው ስም ሁሉ ፊቷ አስቀምጥ፤ አንዲት ብር አታስቀር። አንቺም እኅቴ፣ ልትቆጪ መብትሽ ነው፤ ግን ቁጥሩን ሰምተሽ ሳትጨርሺ ወደ እናትሽ ስልክ አትደውዪ፣ ልጆቹንም ከመኝታ አትቀስቅሺ። መጀመሪያ ዕዳው ስንት እንደሆነና መኪናዋ በቀን ስንት እንደምታስገባ ጠይቂው፣ ከነገም ጀምሮ ደብተሩን አንቺ ያዢ።