ስለ ሕፃናት ፊልሞችና ስለ ታናናሾቹ መሰናክል



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ አንድ ሕፃን ጠርቶ በደቀ መዛሙርቱ መካከል እንዳቆመ፥ ከዚያም ከታናናሾቹ አንዱን ስለሚያሰናክል ሰው እጅግ የሚያስፈራ ነገር እንደ ተናገረ ቅዱስ ማቴዎስ በወንጌሉ በምዕራፍ 18 ጽፎልናል። እንዲህ ያለው ሰው የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ቢሰጥም እንደሚሻለው ጌታ አስጠንቅቋል። በማክሰኝትና በባሕር ዳር፥ በጣናም ዙሪያ ሁሉ ለምንኖር ሰዎች ምሳሌው እንግዳ አይደለም፤ የድንጋዩን ክብደት እናቶቻችን፥ ውኃውን ደግሞ ታንኳ ቀዛፊዎቻችን ያውቁታል። ማብራሪያ የሚያሻው «ማሰናከል» የሚለው ቃል ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደጋግመው ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ ከውጭ አገር የሚመጡትን የሕፃናት ፊልሞች የሚመለከት ነው። በእነዚህ ፊልሞች ሁለት ሴቶች ወይም ሁለት ወንዶች እንደ ባልና ሚስት ሆነው የሚቀርቡበት ጊዜ እየበዛ መጥቷል፤ ልጆችም አይተው ይጠይቃሉ፤ ታዲያ ምን እንመልስላቸው? የሚል ነው። ስለዚህ ነገር ብዙ ስለሚወራ፥ ከወሬው አስቀድመን የሆነውን እንናገር።

በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የአገሪቱ የፊልም ምደባ ቦርድ፥ በወቅቱ ኃላፊው በነበሩት በኢዝኪኤል ሙቱዋ በኩል፥ ስድስት የካርቱን ፊልሞች እንዳይታዩ ከለከለ፤ «ስቲቨን ዩኒቨርስ»፥ «ዘ ላውድ ሃውስ» እና «አድቬንቸር ታይም» ከእነርሱ መካከል ነበሩ። በዓመቱ፥ በ2018፥ «ስቲቨን ዩኒቨርስ» የሁለት ሴት ገጸ ባሕርያትን ሠርግ አሳየ። በ2019 ደግሞ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ሲታይ የኖረው «አርተር» የልጆቹ መምህር ወንድ ሲያገባ አቀረበ፤ የአላባማ ግዛት የሕዝብ ቴሌቪዥንም ያን ክፍል ሳያስተላልፈው ቀረ። በ2022 የወጣው «ላይትይር» የተባለው የዲዝኒ ፊልም ሁለት ሴቶች ለቅጽበት ሲሳሳሙ ስለሚያሳይ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችን፥ ሳዑዲ ዓረቢያንና ማሌዥያን ጨምሮ በበርካታ አገሮች ሲኒማ ቤቶች ሳይታይ ቀርቷል። በዚያው ዓመት የእንግሊዞቹ «ፔፓ ፒግ»፥ ትንንሾቹ ሁሉ የሚወዷት አሳማ፥ ሁለት እናቶች ካሏት የዋልታ ድብ ግልገል ጋር ተዋወቀች። ግልገሏ ስለ እናቶቿ የምትናገረው አንደኛዋ ሐኪም እንደ ሆነች፥ ሌላይቱ ፓስታ እንደምትሠራ ብቻ ነው። ስለዚህ የወላጆች ሥጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን የሚወራውን ያህልም አይደለም።

ይህ ሁሉ ወደ እኛ ቤት የሚገባው በየትኛው በር ነው? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል ስለሚያደርግ፥ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች እንዲህ ያለውን ለማቅረብ አይዳዳቸውም። ብዙ ቤተሰብ ዲሹን ወደ ናይልሳትና ወደ ዓረብሳት አዙሮ ልጆቹን በኤም ቢ ሲ 3 ባሳደገበትም ጊዜ (ዓረብኛ የማያውቁ ልጆች በዓረብኛ ቀልድ እንዴት እንደሚስቁ አይተን ተደንቀናል) እነዚያ ጣቢያዎች በዚህ ነገር ከእኛ ያላነሰ ጥብቅ ነበሩ። በሩ ስልኩ ነው፤ ፊልም በፍላሽ የሚጭነው ሱቅ ነው፤ ቪዲዮ ቤቱ ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፥ ከቤት መውጣት የማይችል ልጅ በእጁ የገባውን ሁሉ ማየቱ የሚያስገርም አይደለም። በፍላሽ የተጫነውን ደግሞ ጫኚው ራሱ ብዙ ጊዜ አላየውም።

እንግዲህ ከዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እንድታስተውሉ እንለምናችኋለን። በዚያው በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቲክቶክ ላይ የሰዎች ፎቶግራፍና ስም «እነዚህ ግብረ ሰዶማውያን ናቸው» እየተባለ ሲሠራጭ፥ እንዲደበደቡም የሚጠሩ ቪዲዮዎች ሲለቀቁ ነበር። የተከሰሱት ሰዎች አልተጠየቁም፤ ማንም አልመረመራቸውም፤ የተደበደቡም፥ ከቤታቸው የሸሹም አሉ። ይህም እንግሊዝኛ በሚናገር ካርቱን ሳይሆን ልጆቻችን ቃል በቃል በሚሰሙት በአማርኛ ነበር። በሰቅ የመስቀል ምልክት ያደረጉ፥ የመዝሙር ዜማ ከኋላ ያስገቡም ነበሩበት ቢባል የሚያስደንቅ አይሆንም፤ ቁጣ ራሱን በሃይማኖት ልብስ መሸፈን ይወዳልና። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ሁለቱ የድብ ግልገል እናቶች ግራ ቢጋባ እናቱን ይጠይቃል። ሰው ሲደበደብ አይቶ ትልልቆች ሲስቁ የሰማ ልጅ ግን ምንም አይጠይቅም፤ ተምሯልና።

የወፍጮውን ድንጋይ ብዙ ጊዜ የምናነበው በሩቅ ላሉት፥ በሆሊዉድ ላሉት ፊልም ሠሪዎች ነው። ጌታ ግን የተናገረው በሮም ቲያትር ለሚጫወቱት አልነበረም፤ አብረውት ለሚበሉት ደቀ መዛሙርት ነው። እነርሱም በዚያ ሰዓት በመካከላቸው ማን እንደሚበልጥ ሲከራከሩ ነበር። ስለዚህ ታናሹን የሚያሰናክል ነገር በስክሪኑ ላይ ብቻ ሳይሆን በቤታችንና በቅጽራችንም ሊገኝ እንደሚችል መርምረን ማወቅ ይገባናል።

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት በዚህ ረገድ ስውር አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የአገራችን የሃይማኖት መሪዎች ተሰብስበው የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በሕገ መንግሥት እንዲከለከል ሲጠይቁ፥ በኋላ ካርዲናል የሆኑት ብፁዕ አቡነ ብርሃነ ኢየሱስም አብረው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2357 ድርጊቱ ከፍጥረት ሕግ ጋር እንደማይስማማ ያስተምራል፤ ምሥጢረ ተክሊልም የወንድና የሴት ነው። ይህን ክፍል ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ወደ ቁጥር 2358 የሚያልፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። በዚያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ዝንባሌ ያላቸው ሰዎች በአክብሮትና በርኅራኄ ሊያዙ እንደሚገባ፥ አላግባብም እንዳይገለሉ ነው። ከዚያ 6 ዓመት በፊት፥ በ1986፥ በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ የተባሉት ካርዲናል ዮሴፍ ራትሲንገር በፈረሙት መልእክት፥ በእነዚህ ሰዎች ላይ በቃልም ሆነ በእጅ የሚደረገውን ግፍ የቤተ ክርስቲያን እረኞች በተገኘበት ሁሉ እንዲያወግዙ ታዝዟል። ካርዲናሉ በትምህርተ ሃይማኖት ልል ነበሩ የሚል ማንም የለም። ሁለቱም ቁጥሮች በአንድ ገጽ ላይ የታተሙ ናቸው፤ አንዱን ቀዶ ሌላውን ማስተማር ትምህርተ ክርስቶስን ማስተማር አይደለም።

እኛ በዚህ አካባቢ ቁጥራችን ጥቂት ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት በአባቶቻቸው እምነት ምክንያት ስም ሲወጣላቸው፥ «ከእነርሱ ጋር አትብላ» ሲባልባቸው ምን እንደሚሰማቸው ከማንም ይልቅ እናውቃለን። በጎረቤትና በትምህርት ቤት ደግ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ስንቶቻችን ከቤተ ክርስቲያን በር እንርቅ ነበር? ታዲያ በገዛ ቅጽራችን ውስጥ ድምፁ ቀጠን ያለ፥ ኳስ የማይወድ፥ ከእኅቶቹ ጋር ቡና ማፍላት ደስ የሚለው ልጅ በዚህ ገጽ ላይ በማንጽፈው ስድብ ሲጠራ ሰምተን ዝም ማለት እንዴት ይቻለናል? ስለዚያ ልጅ የምናውቀው ነገር የለም፤ ተሳዳቢዎቹም አያውቁም። ስድቡን የተማሩት ግን ከትልልቆች ነው። መምህራን ሆይ፥ ይህን ስድብ በሰማችሁበት ሰዓት ትምህርቱን አቁማችሁ ገሥጹ፤ የዕለቱ ትምህርት ባያልቅም ግድ የለም።

ስለ ፊልሞቹ እንመለስ። ዲሹን መንቀል፥ ስልኩን መደበቅ ለአንድ ሳምንት ይሠራ ይሆናል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ፍቅር በጻፉት መልእክት በምዕራፍ 7 ወላጆች በስክሪን በኩል ወደ ልጆቻቸው ክፍል የሚገባው ማን እንደ ሆነ እንዲጠይቁ አሳስበው፥ ወዲያው ደግሞ ልጅን በጭንቀት መከታተል ማስተማር እንዳልሆነ ጨምረዋል። ዋናው ነገር ከልጁ አጠገብ መቀመጥ ነው። እናት እንጀራ እየጋገረች ጆሮዋን ብትሰጥ፥ አባት ከሥራ ሲመለስ ግማሽ ሰዓት አብሮ ቢያይ፥ ታላቅ እኅት ብትተረጉም፥ ያ ፊልም የቤቱ እንግዳ ይሆናል እንጂ የቤቱ አስተማሪ አይሆንም።

እዚህ ላይ አባባ ተስፋዬን ሳናነሣ አናልፍም። ተስፋዬ ሳህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን በዙሪያቸው ሰብስበው ተረት አውርተዋል፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የቀበሯቸው ሽማግሌዎች ሳይቀሩ የእርሳቸው ልጆች ነበሩ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባልደረቦቿ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ፕሮግራም ሠርታ፥ ጠያቂዋን ቀጭኔ ፀሐይን በአማርኛ አናገረችልን። ከእነዚህ ሌላ ስንት እንቆጥራለን? ሕፃናት ተረት ሳይሰሙ አያድሩም፤ እኛ ካላወራንላቸው ሌላው ያወራላቸዋል። የባዕድ ተረት ገባ ብለን የምንጮኸውን ያህል የቀበሮንና የጦጣን ተረት በቤታችን ብናወራ፥ የቅዱሳንን ገድል በልጅ አፍ ብንተርክ፥ ጩኸቱ ግማሹ ባላስፈለገ ነበር። በየቁምስናው ያሉ መምህራን በእሑድ ትምህርት መጨረሻ አሥር ደቂቃ ለተረት ቢተዉ መልካም ይመስለናል።

ልጁ ሲጠይቅስ? የስድስት ዓመት ሕፃን «ግልገሏ ለምን ሁለት እናት አላት?» ቢል አትደንግጡ፥ አትቆጡም። በዓለም እንዲህ ሆነው የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ፥ በእምነታችን ግን ጋብቻ የወንድና የሴት እንደ ሆነ፥ እግዚአብሔርም ሰውን ሁሉ እንደሚወድ በሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር ንገሩት። ከዚህ በላይ አልጠየቀም፤ ወዲያው ስለ ፓስታው ይጠይቃችኋል። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ የበለጠ ይጠይቃል፤ ለእርሱ ሁለቱንም ቁጥሮች፥ 2357ንና 2358ን፥ አብራችሁ አንብቡለት። «ይህ አይጠየቅም» የተባለ ልጅ ከእናንተ መጠየቁን ያቆማል እንጂ መጠየቁን አያቆምም፤ ቀጥሎ የሚጠይቀው ስልኩን ነው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥያቄው ስለ ፊልም መስሎ ስለ ሌላ ነገር ይሆናል። ከወጣቶቹ አንዱ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ወደ ኋላ ቀርቶ፥ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ፥ ስለ ራሱ የሚናገር ቢሆን፥ መምህራን ሆይ፥ ከሁሉ አስቀድማችሁ ስሙት። ለአባቱ አትንገሩበት፤ በአንዳንድ ቤት ይህ ወሬ ልጁን ከቤት ያስወጣዋል፥ ከዚያም የከፋ ያመጣበታል። ለመምህራን ባልደረቦቻችሁም በጸሎት ማሳሰቢያ ስም አታውሩት። ለመናገር የደፈረው እናንተን አምኖ ነውና ስለ ታመናችሁት አመስግኑት፤ ከፈቀደ ብቻ ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲነጋገር አግዙት፤ ከሚያስፈራራው ሰው ካለም ደኅንነቱን አስቡ። በሚቀጥለው እሑድ ሲመጣ እንደ ወትሮው ሰላም በሉት፤ ከበሮውን ይመታ ከነበረ ከበሮውን ይምታ፤ በመዘምራን መካከል የነበረው ቦታውም ይጠበቅለት።