ኩላሊትን ስለ መስጠትና የአካልን አማና ስለ መጠበቅ

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

የተከበርህ አንባቢ ሆይ! ወንድምህ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመው፥ ደሙ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ በመሣሪያ እየታጠበ ይኖራል እንበል። ደምህ ከደሙ ተስማምቶ ተገኝቷል፤ አንተም ከኩላሊቶችህ አንዱን ልትሰጠው ቆርጠሃል። ነገር ግን የደም ብዛት እንዳለብህ ወይም የስኳር በሽታ እንደ ጀመረህ ታውቃለህ። ሐኪሙ ሲጠይቅህ ትነግረዋለህን ወይስ ትሰውረዋለህ? ብትሰውረውስ ሥራህ ልግስና ይባላልን?

አስቀድመህ ግን ኩላሊትን መስጠት በመሠረቱ መልካም ሥራ መሆኑን ዕወቅ። እ.ኤ.አ. በ1954 ዶክተር ጆሴፍ መሪ በቦስተን ከተማ የአንዱን መንትያ ኩላሊት ለወንድሙ ከተከለ ወዲህ፥ በዚህ ጥበብ ብዙ ነፍስ ተርፏል። በአዲስ አበባም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥራው እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1988 በጅዳ የተሰበሰቡት የፊቅህ አካዳሚ ሊቃውንትም፥ ሕያው ሰው ከአካሉ ለሌላው መስጠቱን በገደብ ፈቀዱ፤ እንደ ልብ ያለውን ሕይወት የሚቆምበትን አካል መስጠትንና የሰውን አካል መሸጥን ግን ከለከሉ። እንግዲህ በሩ ክፍት ነው፤ ነገር ግን ገደብ አለው።

ምናልባት «ወንድሜን ከራሴ ባስቀድም ምን ነውር አለው?» ትል ይሆናል። የሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስን ነገር አስታውስ። ሰዕድ በመካ ታሞ ሳለ ሀብቱን ሁሉ በምጽዋት ሊናዘዝ ወደደ። ነቢዩ ግን ከሲሶው በላይ አልፈቀዱለትም፤ ሲሶውም ብዙ መሆኑን፥ ወራሾቹንም የሰው እጅ ጠባቂ አድርጎ ከመተው አብቅቶ መተው የሚሻል መሆኑን አስተማሩት። ገንዘቡን ለመስጠት ገደብ ከተበጀለት፥ አካሉንና ጤናውንማ እንዴት ያለ ገደብ ይሰጣል?

አንተ ነጋዴ ነህ፤ የአማናን ነገር ከሌላው ይልቅ ታውቃለህ። ሰው በአደራ ያስቀመጠብህን ገንዘብ አውጥተህ ለድኻ ብትመጸውት፥ ድኻው ቢጠግብም ባለ ገንዘቡ ይጠይቅሃል። አካልህም የፈጣሪህ አደራ ነው፤ ሚስትህና ልጆችህም በጉልበትህ ላይ መብት አላቸው። ጉድለቱ ተሸፍኖ የተሸጠ ዕቃ ውሉን እንደሚያበላሽ ሁሉ፥ በሽታው ተሰውሮ የተሰጠ ስጦታም ሐኪሙን ያታልላል፤ ተቀባዩንም ሳያውቅ የጉዳትህ ተካፋይ ያደርገዋል።

የሐኪሞችን ሚዛንም ተመልከት። አንዱ ኩላሊት ሲወጣ የቀረው አድጎ የጓደኛውን ሸክም በከፊል ይሸከማል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፥ ከ10,000 ሰጪዎች መካከል 90 ያህሉ በዕድሜያቸው ዘመን ኩላሊታቸው ሊደክም እንደሚችል፥ እንደ እነርሱ ጤነኞች ሆነው ካልሰጡት መካከል ግን 14 ያህሉ ብቻ እንደሚሆኑ ገምቷል። ይህ ተመርምረው ጤነኞች ለሆኑት ነው፤ አደጋው ጥቂት ስለ ሆነም ሐኪሞች ይፈቅዱላቸዋል። ስኳርና የደም ብዛት ግን ኩላሊትን ከሚያደክሙት በሽታዎች ዋነኞቹ ናቸው። ወጣት ከሆንህ ደግሞ በሽታው የሚሠራበት ዘመን ረጅም ነው። አንዱን በሽተኛ ለማዳን በአንድ ቤት ሁለት በሽተኛ ማኖር ምን ጥቅም አለው? ደሙ በመሣሪያ ሊታጠብ፥ ወይም ሌላ ሰጪ ሊገኝ ለሚችል ሰው ያንተ «አልችልም» ማለት የሞት ፍርድ አይደለም።

ይሁን እንጂ ትንሽ ሕመምን ለፍርሃት መሸሸጊያ አታድርግ። በዕድሜ የገፋ፥ ቀላል የደም ብዛቱም በመድኃኒት የተገታለት ሰው በሐኪሞች ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ያንተ ፋንታ ያለብህን ሁሉ በእውነት መናገር ነው፤ መመዘኑ የዐዋቂው ነው። «አይሆንም» ቢልህ ግን ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደህ በሽታህን አትደብቅ።

የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ሆይ! እናንተም በአንዱ ልጃችሁ ሕይወት ሌላውን አታስገድዱ። ሰጪው ከሐኪሙ ጋር ብቻውን ይነጋገር፤ የተናገረውም ምሥጢር ሆኖ ይቅር። ሳይችል የቀረውን «ወንድሙን ከዳ» አትበሉት፤ እንዲህ ያለው ቃል ጤነኛ ያልሆነውን ሰው እንዲዋሽ ይገፋፋዋልና።

ኩላሊቱን መስጠት ያልቻለ ሰው የሚሰጠው ሌላ አለው። የመታጠቢያውን ዋጋ ይክፈል፤ በሽተኛውን ወደ ሐኪም ያድርስ፤ በሌለበት ቀን ሱቁን ይጠብቅለት፤ ልጆቹን ያስተምርለት። ይህ ከወር እስከ ወር፥ ከዓመት እስከ ዓመት የሚዘልቅ ስጦታ ነው።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ይፈውስልን፤ በልግስናችን ላይ እውነትን፥ በእውነታችን ላይ ርኅራኄን ይጨምርልን። አሚን።