የስንዴዋ ቅንጣት ስም



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የስንዴ ቅንጣት በምድር ወድቃ ካልሞተች ብቻዋን እንደምትቀር፥ ብትሞት ግን ብዙ ፍሬ እንደምታፈራ በቅዱስ ወንጌሉ አስተምሮናል (ዮሐ. 12፡24)። በዚህ ቃል ብዙ ጊዜ ሰብኬአለሁ፤ በቀብርም በክህነት በዓልም ጠቅሼዋለሁ። ነገር ግን አንድ የማውቀው ልጅ ስሙ በዚህ ቃል ውስጥ እንዳለ ያስተዋልሁት እጅግ ዘግይቼ ነው። እንዳስተውልም ያደረገኝ ልጁ ራሱ ነው።

ምሥጢረ ሜሮን የሚቀበሉ ልጆች በሚመዘገቡበት ወራት አንዲት እናት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸውን አስከትለው ወደ ቁምስናችን ጽሕፈት ቤት መጡ። ጉዳያቸው ልጁን ማስመዝገብ ብቻ አልነበረም። «አባ፥ ስሙ ይለወጥልን» አሉኝ። የልጁ ስም ፍሬምናጦስ ነው። በትምህርት ቤት ጓደኞቹ ስሙን ቈርጠው «ፍሬን» ይሉታል፤ በሜዳ ሲሮጥም «ፍሬን ያዝ!» እያሉ ይስቁበታል። ስም ሲጠራ «አቤት» ማለት እስከ መጥላት ደርሷል። ስሙን ያወጡለት አባቱ ነበሩ። እርሳቸው ግን ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ዐረፉ፤ ይህን ስም ለምን እንደ መረጡም ለቤተ ሰባቸው ሳይናገሩ ቀሩ።

ልጁ እስከዚያ ድረስ መሬት መሬት እያየ ዝም ብሎ ነበር። በመጨረሻ ቀና ብሎ «አባ፥ ትርጓሜው ምንድን ነው?» አለኝ።

ውድ ምእመናን፥ እውነቱን ልናገር። ያን ልጅ ያጠመቅሁት እኔ ነኝ። ስሙን ጠርቼ ውሃ አፍስሼበታለሁ፤ በጥምቀት መዝገብ ላይም በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ላቲን ተምሬአለሁ፤ በቤተ ክርስቲያን ታሪክም ተፈትኜ አልፌአለሁ። ሆኖም ለልጁ የምመልሰው አጥቼ «የቅዱስ ስም ነው» ብቻ አልሁት። እርሱም «ቅዱስ ከሆነ ለምን ሌላ ሰው አይጠራበትም?» ሲል መለሰልኝ። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበር። በሚመጣው እሑድ እንዲመለሱ ቀጥሬ አሰናበትኋቸው። ያን ሳምንት ያነበብሁትንና ያሰብሁትን ነው ዛሬ ለእናንተ የማቀርበው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ምንጭ። ጆሮአችን «ፍሬ» የሚለውን የራሳችንን ቃል በዚህ ስም ውስጥ ይሰማል፤ ይሁንና ይህ የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው። ስሙ የላቲን ነው፤ በላቲን ፍሩሜንቲዩስ ይባላል። ሥሩም ፍሩሜንቱም የሚለው ቃል ሲሆን ትርጓሜው እህል፥ ይልቁንም ስንዴ ማለት ነው። የጣልያን ቋንቋ ስንዴን እስከ ዛሬ ፍሩሜንቶ ይለዋል። ከመግቢያዬ የጠቀስሁትን የዮሐንስ ወንጌል ቃል በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ብንመለከት የስንዴዋ ቅንጣት «ግራኑም ፍሩሜንቲ» ተብላ ተጽፋለች። እንግዲህ ጓደኞቹ «ፍሬን» የሚሉት ልጅ ስሙ ጌታ ስለ ራሱ ሞትና ትንሣኤ ከተናገረበት ምሳሌ ጋር አንድ ቃል ነው። እኔም ይህን ቃል በላቲን ስንት ጊዜ አንብቤው አልፌአለሁ።

ይህን ስም በሀገራችን የታወቀ ያደረገው ሰው ታሪክ ደግሞ እንዲህ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ እንደ ጻፈው፥ ሜሮጵዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉ ሁለት ወጣት ዘመዶቹን ይዞ በባሕር ይጓዝ ነበር። መርከባቸው ስንቅና ውሃ ለመያዝ ወደብ በደረሰች ጊዜ የአካባቢው ሰዎች ተነሥተው ተጓዦቹን ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። ሰዎቹም ራርተውላቸው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ንጉሡ ኤዴስዮስን የመጠጥ አሳላፊው፥ ፍሬምናጦስን ደግሞ የሀብቱ ጠባቂና ጸሐፊው አደረጋቸው። ንጉሡ ሲሞት ወራሹ ገና ሕፃን ስለ ነበረ ንግሥቲቱ ልጁ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በመጠበቅ እንዲያግዟት ለመነቻቸው። ፍሬምናጦስም በዚያ ሥልጣን ላይ ሳለ ከሮም ግዛት ለንግድ የመጡ ክርስቲያኖችን እየፈለገ የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያዘጋጁ ይረዳቸው ነበር።

ልጁ አድጎ መንግሥቱን በተረከበ ጊዜ ሁለቱ ተሰናበቱ። ኤዴስዮስ ወላጆቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ገሠገሠ፤ በዚያም ቅስና ተቀበለ። ሩፊኖስ ታሪኩን የሰማው ከእርሱው አንደበት ነው። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄደ። ለአዲሶቹ ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክላቸው ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ለዚህ ሥራ ከእርሱ የተሻለ ሰው እንደማይገኝ ተናግሮ ጵጵስና ሾመውና መልሶ ላከው። ተማርኮ ወደ ገባበት ምድር በፈቃዱ ተመለሰ። የስንዴዋ ቅንጣት መጀመሪያ በግድ ወደቀች፤ ሁለተኛ ጊዜ ግን ወድዳ ወደቀች። ፍሬዋም ታየ፤ ቀድሞ ጨረቃና ክብ ምልክት ይቀረጽባቸው የነበሩት የንጉሥ ኢዛና ሳንቲሞች ኋላ መስቀል ተቀረጸባቸው።

እንግዲያ ልጁ እንደ ጠየቀው፥ ይህ ስም ስለ ምን ብርቅ ሆነ? ባዕድ ስለ ሆነ ነው እንዳንል ጳውሎስና ማርቆስም የላቲን ስሞች ናቸው። ጊዮርጊስም የጽርእ ስም ነው፤ ትርጓሜውም ገበሬ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በየሰፈሩ ጳውሎስና ማርቆስ ብለን ብንጣራ «አቤት» የሚል አናጣም፤ ገብረ ጊዮርጊስና ኃይለ ጊዮርጊስም ስፍር ቊጥር የላቸውም። እነዚህን ስሞች ጆሮአችን የለመዳቸው የጳውሎስ መልእክትና የማርቆስ ወንጌል በቅዳሴ ስለሚነበቡ፥ የጊዮርጊስም ተአምር በየቤቱ ስለሚነገር ነው። ስም በሕዝብ ዘንድ የሚበዛው ታሪኩ ሲነገር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ለቅዱሱ ክብር ነው። አባቶቻችን ከተጸውዖ ስሙ ይልቅ በመካከላቸው በሠራው ሥራ ጠሩት፤ ሰላምን ስላመጣላቸው አባ ሰላማ፥ ብርሃንን ስለ ገለጠላቸው ከሣቴ ብርሃን አሉት። እነዚህ ስሞች በልጆችም ላይ ወጡ፤ ሰላማ የተባለ፥ ከሣቴ ብርሃን የተባለ አለ። ከእርሱ በኋላ የመጡ ጳጳሳትም ሰላማ ተብለው ተሹመዋል፤ በ14ኛው መቶ ዓመት የነበሩትና መጻሕፍትን በማስተርጐማቸው «መተርጕም» የተባሉት አባ ሰላማ ከእነርሱ አንዱ ናቸው። እናቱና አባቱ ያወጡለት ስም ግን በስንክሳርና በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ቀረ። ከዐድዋ አጠገብ ያለው፥ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን መቀመጫ የነበረው ፍሬሞናም በዚሁ ቅዱስ ስም የተሰየመ ነው። የስንዴዋ ቅንጣት ዕጣ ይህ ነው፤ ዛላውን የሚያይ ሁሉ ቅንጣቲቱን አያይም።

ሆኖም ያ ስም ዋጋ የተከፈለበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ የአርዮስን ወገን ይደግፍ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢዮስ ለአክሱም ገዥዎች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ ምትክ በእስክንድርያ ወደ ተቀመጠው ጳጳስ ተልኮ ስለ ሃይማኖቱ እንዲመረመር ጠየቀ። ቅዱስ አትናቴዎስ ይህን ደብዳቤ ለራሱ መከላከያ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አስቀምጦልናል። በዚያ ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ስም አባ ሰላማ አይደለም፤ ከሣቴ ብርሃንም አይደለም። ተፈላጊው ፍሬምናጦስ ነው። ያ ስም በፌዝ ሳይሆን በማስፈራሪያ የተጠራበት ጊዜ ነበረ፤ ባለ ስሙ ግን ከእምነቱ ፍሬን አልያዘም።

ስም መለወጥ ኃጢአት ነው ወይ? አይደለም። ራሔል በምጥ ስትጨነቅ ልጇን ቤንኦኒ፥ የኀዘኔ ልጅ፥ ብላ ጠራችው፤ ያዕቆብ ግን ስሙን ለውጦ ብንያም አለው (ዘፍ. 35፡18)። ልጅን የሚያዋርድ ስም ቢለወጥ ያስመሰግናል። የላቲን ሥርዓት የቀኖና ሕግም በቊጥር 855 ወላጆች፥ የክርስትና ወላጆችና ቆሞሱ ከክርስትና መንፈስ የራቀ ስም እንዳይሰጥ እንዲጠነቀቁ ያዛል። ቆሞሱም ከተጠያቂዎቹ አንዱ መሆኑን ልብ በሉልኝ። እኔ ስሙ መልካም መሆኑን አይቼ ሥራዬን የፈጸምሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን መልካም ስም ሰጥቶ ዝም ማለት ዘር አስይዞ እርሻ እንደ መንሣት ነው።

ቅዱስ ሉቃስ የጻፈውን አስቡ። ኤልሳቤጥ ልጇ ዮሐንስ እንዲባል ባለች ጊዜ ጎረቤቶችና ዘመዶች ከዘመዶችዋ በዚህ ስም የተጠራ እንደሌለ ነግረው ተቃወሟት (ሉቃ. 1፡59-63)። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሞላው ስም ያን ዕለት ለቤቱ እንግዳ ነበረ። ዘካርያስም መናገር ባይችል ሰሌዳ ለምኖ ጻፈው። አበው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። በዘካርያስ ቤት ይህ ቃል በቃሉ ተፈጽሟል፤ ዮሐንስ የሚለውን ስም ያመጣው መልአኩ ገብርኤል ነውና። ይሁን እንጂ መልአኩ ስሙን ተናግሮ ሄደ፤ ለዘመድ ለጎረቤት ማስረዳቱ የወላጆች ፈንታ ሆነ። ስምን መልአክ ቢያወጣውም የሚያስረዳው ሰው ነው።

በቀጠሮው እሑድ እናትና ልጅ መጡ። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርሁት። ስለ መርከቢቱ፥ ስለ ዛፉና ስለ መጽሐፉ ስነግረው ዐይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። ሲያበቃ የጠየቀኝ እኔ ያልጠበቅሁትን ነው፤ «ፍሬምናጦስ ወደ እናቱ ተመለሰ?» አለኝ። ወንድሙ ወደ ጢሮስ ሲመለስ እርሱ ወደ እስክንድርያ፥ ከዚያም ወደ አክሱም እንደ ሄደ ነገርሁት። ልጁ እናቱን አየ። እናቱም ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው አስጠጉ። ከዚያም ቀስ ብለው፥ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ልጁን ታቅፈው «ይህ የአክሱም ጸሐፊ ይሆናል» እያሉ ይቀልዱ እንደ ነበረ ነገሩን። ትርጓሜው ስላልገባቸው ረስተውት ኖረዋል። አባቱ ዐውቀው ነበር ስሙን ያወጡለት።

መዝገቡ እንዲለወጥ ዳግመኛ አልጠየቁም። ልጁ ግን ዛሬም «ፍሬን» እየተባለ ሊሆን ይችላል፤ ታሪክ ማወቅ የልጆችን አፍ አይዘጋም። ብቻ ከዚያ በኋላ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ስሙ ሲጠራ «አቤት» የሚለው ድምፁ ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል።

እንግዲህ ወላጆችና የክርስትና ወላጆች ሆይ፥ እለምናችኋለሁ። ለልጆቻችሁ ስም ያወጣችሁበትን ምክንያት ዛሬ፥ በሕይወት ሳላችሁ ንገሯቸው። መጻፍ የምትችሉ ጻፉላቸው። የስማቸውን ቅዱስ በዓል እቤታችሁ አክብሩ፤ ድግስ ባይኖር አንድ አቡነ ዘበሰማያትና ታሪኩ ይበቃል። እናንተ ወጣቶችም ስማችሁን ካልወደዳችሁት ከመለወጣችሁ በፊት ጠይቁ፤ ምናልባት በእናንተ ላይ የተዘራ፥ ገና ያልበቀለ ቅንጣት ይኖራልና። እኔም በበኩሌ ከእንግዲህ ሕፃን ሳጠምቅ የስሙን ታሪክ ለቤተ ሰቡ ሳልነግር መዝገቡን ላልዘጋ በእናንተ ፊት ቃል እገባለሁ።

የአባታችን የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዕረፍት ሐምሌ 26 ቀን ይታሰባል። በዚያው ቀን ስንክሳር የጻድቁን የዮሴፍንም ዕረፍት ያስባል። ዮሴፍ ከእርሱ ላልተወለደ ሕፃን መልአኩ የነገረውን ስም እንዲያወጣ ታዞ፥ ኢየሱስ ብሎ የጠራ ነው (ማቴ. 1፡21፤25)። ስም የሰጠና በስሙ ፍሬ ያፈራ በአንድ ቀን ይታሰባሉ። በዚያ ቀን ወደ ቅዳሴ ስትመጡ በመንበረ ታቦቱ ላይ የሚቀርበው ኅብስት የስንዴ መሆኑን አስቡ፤ ብዙ ቅንጣት ተፈጭቶ አንድ እንጀራ ይሆናል፤ እርሱም የጌታችን ሥጋ ይሆናል። እያንዳንዳችንን በስማችን የጠራን አምላክ ስማችንን በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን። አሜን።