ያሸነፈ ሁሉ ትክክል ነውን?

በዚህ ጽሑፋችን የምናነሣው ጥያቄ ከመጽሐፍ የተገኘ ሳይሆን ከራሳችን ቤት የወጣ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንድ ሰው ያደረገው ነገር ትክክል ወይም ስሕተት መሆኑ የሚታወቀው በውጤቱ ነው ወይስ ሲያደርገው በነበረው አሳብ? ነገሩ ቀላል ይመስላል። እኛም ቀላል መስሎን ነበር።

እኛ በደብረ ማርቆስ የምንገኝ የማኅበሩ ወጣቶች በየወሩ ከኪሳችን እያዋጣን በመስከረም ወር ለሠላሳ ችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና እስክሪብቶ እንገዛለን። ባለፈው ዓመት የተጠራቀመው ገንዘብ 9,600 ብር ነበር። ገንዘቡን የሚይዘው በሒሳብ ትምህርቱ የተመሰገነ፣ በጠባዩም ሁላችን የምንወደው አንድ ወንድማችን ነው። በነሐሴ ወር፣ ዝናቡና ጭቃው በበረታበት ሰሞን፣ ደብተሩን እንግዛ ብለን ስንሰበሰብ ይህ ወንድማችን አንገቱን ደፍቶ ተነሣና በእጁ ያለው 3,200 ብር ብቻ መሆኑን ነገረን። የቀረውን 6,400 ብር በግንቦት ወር በእግር ኳስ ውርርድ ተበልቶ ኖሯል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ማንም ሳይጠይቀው፣ በጥር ወርም ከዚሁ ገንዘብ 2,000 ብር ወስዶ ተወራርዶ እንደነበረ ነገረን። ያን ጊዜ ግን አሸንፏል፤ የወሰደውንም በሁለተኛው ቀን መልሷል። ከትርፉ ደግሞ 500 ብር ቀንሶ፣ ስሙ እንዳይገለጥ የፈለገ በጎ አድራጊ የሰጠው ነው ብሎ ጨምሮበታል። አዎን፣ ያን 500 ብር በየካቲት ስብሰባችን በጭብጨባ ተቀብለነው ነበር።

ከዚህ በኋላ ጉባኤያችን ለሁለት ተከፈለ። በግንቦቱ ነገር ሁላችንም አንድ ነበርን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ገንዘቡ ከጠፋ በኋላ ድምፃችን ከፍ አለ። ስለ ጥር ወሩ ግን ብዙዎቻችን፣ «እሱን እንተወው፤ መልሶታል፤ እንዲያውም ጨምሮበታል፤ ማን ተጎዳ?» አልን። በዚህ ጊዜ አንዲት እኅታችን፣ «በጥርና በግንቦት መካከል የተለያየው ኳሱ ነው ወይስ ወንድማችን?» ብላ ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ለእርሷ ጥያቄ የዘገየ መልሳችን ነው።

ወንድማችን ወደ ውርርድ የገባው በፖከር በኩል ነው። በስልኩ ላይ ያለ ገንዘብ፣ በነጥብ ብቻ ይጫወት ነበር። ስለ ጨዋታው ስልት ያነበበውን በአንድ ደብተር ጽፎ ይዞት ስለነበር አሳየን። ስናነበው ገረመን፤ የቁማርተኛ ደብተር ሳይሆን የአስተዋይ ሰው ምክር ይመስላል።

ፖከር በ52 ካርታ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። በብዙ ቦታ በሚጫወቱት ዓይነት እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ለብቻው ይይዛል፤ አምስት ካርታ ደግሞ በመካከል ለሁሉም ይገለጣል። ተጫዋቾቹ በየዙሩ ገንዘብ እያስያዙ ይፎካከራሉ፤ አያዋጣኝም ያለ ያስያዘውን ትቶ ይወጣል። በእጁ ሁለት አስ የያዘ ሰው ከሁሉ የበለጠውን መነሻ ይዟል። ያም ሆኖ፣ ምን እንደያዘ ከማይታወቅ አንድ ተቃዋሚ ጋር እስከ መጨረሻው ቢሄድ ከመቶ ጊዜ የሚያሸንፈው 85 ያህሉን ነው። በቀሩት 15 ጊዜያት ሲሸነፍ ተሳስቶ ነበርን? አልተሳሳተም። እንዲሁም ደካማ ካርታ ይዞ በድፍረት የገባ ሰው ስላሸነፈ ብቻ አላዋቂነቱ ዕውቀት አይሆንለትም።

ስለዚህ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ተጽፏል፤ ውሳኔህን ባገኘኸው ብር አትመዝን፣ ስትወስን በምታውቀው ነገር መዝን። ሁለተኛው ምክር፣ ጎበዝ ተጫዋች እንኳ ለሳምንታት በተከታታይ ሊሸነፍ ይችላልና ካለህ ገንዘብ ከሃያ አንድ እጅ በላይ በአንድ ጊዜ አታስይዝ ይላል። ሦስተኛው፣ እልህ ሲይዝህ ተነሥተህ ውጣ ይላል። የተሸነፈ ሰው የጠፋበትን ለማስመለስ ሲቸኩል ያወጣውን ሕግ ሁሉ ይረሳልና።

እንዲህ ያለው ስሌት የዛሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1654 ፓስካልና ፌርማ የተባሉት የፈረንሳይ ሊቃውንት፣ ሳይጠናቀቅ የተቋረጠ የዕድል ጨዋታ ገንዘብ በተጫዋቾቹ መካከል በምን ሚዛን ይከፈል በሚለው ጥያቄ ላይ ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። ዛሬ ስለ ዕድል የምንማረው የሒሳብ ክፍል መሠረቱን ያገኘው ከዚያ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ወጣት እንዴት ወደቀ? እርሱ ራሱ እንዳስረዳን፣ ሕጉን የተጠቀመበት በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሲሸነፍ «ዕድል ነው፤ ውሳኔዬ ግን ትክክል ነበር» ይላል፤ ሲያሸንፍ ግን «ብልሃቴ ነው» ይላል። ሁለተኛም፣ በፖከር የለመደውን መተማመን ይዞ ወደ እግር ኳስ ውርርድ ተሻገረ። በዚያ ግን ተቃዋሚው ዋጋውን የሚቆርጠው አወራራጅ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። አወራራጁ ለባለሜዳው ቡድን 2.50፣ ለአቻ 3.10፣ ለእንግዳው ቡድን 2.70 ኦድ ሰጠ እንበል። አንድን ለእያንዳንዱ ስናካፍል 40፣ 32 እና 37 በመቶ ያህል ይሆናል። የሦስቱ ድምር መቶ መሆን ሲገባው 109 ሆነ። ትርፉ 9 የአወራራጁ ድርሻ ነው፤ ማንም ቢያሸንፍ አስቀድሞ ተቆርጧል። አሁን ደግሞ ወጣቶች እንደሚወዱት ስምንት ግጥሚያ በአንድ ትኬት እንቁረጥ። የእያንዳንዱ ኦድ 1.50 ቢሆን 100 ብር 2,563 ብር ያወጣል፤ ይህ ያጓጓል። ነገር ግን የእያንዳንዱ ግጥሚያ እውነተኛ ዕድል ከመቶ 62 ቢሆን፣ ስምንቱም አብረው የሚሠምሩት ከመቶ ትኬት በ2ቱ ያህል ብቻ ነው። በረጅሙ ሲታሰብ ከእያንዳንዱ 100 ብር የሚመለሰው 56 ብር ያህል ይሆናል።

ከመካከላችን አንዳንዶች፣ «ፖከር ግን የችሎታ ጨዋታ ነው» ብለው ተከራክረዋል። እውነት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሠራተኛ ከመቶ ዶላር ባነሰ መግቢያ በኢንተርኔት ተጫውቶ ላስ ቬጋስ ለሚካሄደው ትልቅ ውድድር በቃ፤ በዚያም 838 ተወዳዳሪዎችን በልጦ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። የእርሱ ስም በዓለም ተሰማ፤ የአብዛኞቹን የሌሎቹን ስም ግን የሚያነሣ የለም። ችሎታ ያለው ሰው የሚያሸንፈውም ችሎታ ከሌለው ሰው ኪስ ነው። ቤቱ ደግሞ ከሚያስይዙት ላይ ድርሻውን ስለሚያነሣ፣ የሁሉም ተጫዋቾች ሒሳብ አንድ ላይ ሲደመር ኪሣራ ነው።

ሌሎችም፣ «ገበሬውስ ቢሆን ቁማርተኛ አይደለምን? ጤፉን ዘርቶ ሰማይ ሰማይ ያያል» አሉ። ይህ መልካም ጥያቄ ነው። በጮቄ ተራራ ሥር የሚያርሱ አባቶቻችን በአንድ ማታ በረዶ የዓመት ልፋታቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ እናውቃለን። ነገር ግን ገበሬው ሲሳካለት ጎረቤቱ መክሰር የለበትም፤ ከአንድ ቁና ዘር የተገኘው ብዙ ቁና ትናንት በማንም ጎተራ ያልነበረ እህል ነው። በዕቁብም ዕጣ እናወጣለን። ዕጣው የሚወስነው ግን ማን እንደሚቀድም ነው እንጂ ማን እንደሚጠፋ አይደለም፤ የመጨረሻውም ሰው ድርሻውን ያገኛል። ስለዚህ በዕድል መጠቀም ብቻውን ጥፋት አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የማን ነው፣ ባለቤቱስ ያውቃልን የሚለው ነው።

ይህን ስናስብ ከሩቅ አገር አንድ ታሪክ አገኘን። ፉል ቲልት ፖከር የተባለ የኢንተርኔት ድርጅት የተጫዋቾችን ገንዘብ በአደራ ይይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ ዓቃብያነ ሕግ በከሰሱት ጊዜ፣ ድርጅቱ ለተጫዋቾች 390 ሚሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ እያለበት በባንክ የነበረው 60 ሚሊዮን ያህል ብቻ መሆኑን አስታወቁ። በ2012 ሌላ የፖከር ድርጅት ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ ገዛው፤ ከዚያም ብዙዎቹ ተጫዋቾች ገንዘባቸውን አገኙ። ገንዘቡ መመለሱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አደራ በሊታውን ታማኝ አላደረገውም። ይህን ስለ ሩቅ ሰው ስናነብ ሁላችንም ወዲያው ተስማማን። ስለ ወንድማችን ጥር ወር ግን ለመስማማት ሦስት እሑድ ፈጀብን።

እ.ኤ.አ. በ1976 በርናርድ ዊልያምስና ቶማስ ኔግል የተባሉ ፈላስፎች ይህንኑ ጥያቄ በሰፊው መርምረውታል። እኛ በአገራችን ምሳሌ እናቅርበው። ሁለት ሾፌሮች ፍሬናቸውን ሳያስመረምሩ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ወረዱ። አንደኛው በሰላም ደጀን ገባ። የሁለተኛው መኪና ፍሬን እምቢ ባለበት ሰዓት ግን አንድ የፍየል እረኛ ልጅ መንገድ ሲሻገር ነበር። ሁለተኛውን እንከሰዋለን፤ አንደኛውን «እንኳን ደኅና መጣህ» እንለዋለን። ሁለቱ ግን ያደረጉት አንድ ነው።

«ታዲያ ውጤት ከንቱ ነውን?» ትሉን ይሆናል። ከንቱ አይደለም። የሟች ወላጆች ኀዘን እውነት ነው፤ ደብተር ያጡት ሃያ ልጆችም እውነት ናቸው። እኛ የደረስንበት እንዲህ ነው፤ ካሣ በውጤቱ ይለካል፣ ጥፋት ግን በውሳኔው ይለካል። ወንድማችን ለጥር ወሩ የሚከፍለው ካሣ የለም፤ ጥፋቱ ግን ከግንቦቱ ጋር አንድ ነው። በሁለቱም ጊዜ ሠላሳ ልጆች ሳያውቁት በጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው ነበር። በጥር የዳኑት በኳሱ ነው እንጂ በእርሱ ጥንቃቄ አይደለም። የራሱ ደብተር የመጀመሪያ ገጽም ይህንኑ ይመሰክርበታል።

ለእኛም ለሌሎቻችን ቢሆን ይህ ምክር ቀላል አይደለም። ያለፈለትን ሰው ከየት አገኘኸው ሳንል እንኳን ደስ ያለህ የምንል፣ የከሰረውን ግን በዚያው ሥራ የምንኮንን ስንቶች ነን? በትኬት አሸንፎ አዲስ ስልክ ይዞ ለመጣ ጓደኛችን ያጨበጨብን እኛ፣ በሳምንቱ ኮቱን ለሸጠው ስንፈርድ ሚዛናችን የት ነበር? ወንድማችን በስብሰባው መጨረሻ፣ «በጥር ተሸንፌ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ ማሸነፌ አስተማሪ መስሎኝ አመንሁት» ብሏል። ሽንፈት ቢያንስ ሰውን ያስደነግጣል፤ ያለ አግባብ የተገኘ ድል ግን ለሁለተኛው ጊዜ ድፍረት ይሰጣል።

ከዚህ በኋላ የተደረገውን በአጭሩ እንናገር። ሁላችንም እንደገና አዋጥተን የሃያዎቹን ልጆች ደብተር ሦስት ሳምንት ዘግይተን ገዛን። ወንድማችን ልጆችን በማስጠናት ከሚያገኘው በየወሩ 400 ብር ይከፍላል፤ በ16 ወር ይጨርሳል። ከእኛ ጋር ነው፤ ሒሳቡንም ዛሬም የሚጽፈው እርሱ ነው፤ ገንዘቡን ግን ሁለት ሰዎች አብረው ይይዙታል፤ በየወሩም በሁላችን ፊት ይቆጠራል። እርሱም እንዲህ መሆኑን ከሁላችን በፊት የጠየቀው ራሱ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶን ነበር። እኅታችን የሒሳቡን መዝገብ ገልጣ የየካቲትን ወር አወጣች። «ከበጎ አድራጊ የተሰጠ፣ 500 ብር» ይላል። በላዩ መስመር አሠመርንበትና በጎኑ፣ «በልጆቹ ገንዘብ ተወራርዶ የተገኘ» ብለን ጻፍን። ያጨበጨብነው ሁሉ በሥሩ ፈረምንበት።