ከመኖሪያ ቤት የተወለዱ አብያተ ክርስቲያናት



የቁምስናችንን ቅዳሴ ቤት በምናከብርበት ዕለት ሁላችንም ዓይናችንን ወደ ሕንፃው እናነሣለን። ጣሪያው አዲስ ከሆነ ደስ ይለናል፤ ግድግዳው ከተሰነጠቀ እናዝናለን፤ የጎረቤት ቁምስና ሕንፃ ከእኛ የበለጠ ከሆነም አንዳንድ ጊዜ እንቀናለን። ለመሆኑ የቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ለምን ቆመ? መልሱን ለማግኘት በሮም ከተማ ትራስቴቬሬ ወደሚባለው ሰፈር በአሳብ እንሂድ። የስሙ ትርጉም «ከቴቬሬ ወንዝ ማዶ» ማለት ነው።

ይህ ሰፈር በጥንት ዘመን የመርከበኞች፣ የእጅ ሥራ ባለሙያዎችና ከምሥራቅ የመጡ መጻተኞች መኖሪያ ነበር። የሮም ክርስቲያኖች በዚያን ጊዜ ለጸሎት ብለው የሠሩት ታላቅ ሕንፃ አልነበራቸውም፤ በምእመናን ቤት ይሰበሰቡ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስም በሮም ለነበሩት ለጵርስቅላና ለአቂላ፣ በቤታቸውም ላለችው ቤተ ክርስቲያን ሰላምታ ልኮአል (ሮሜ 16፥3-5)።

በሰፈሩ ያለችው የቅድስት ሴሲልያ ቤተ ክርስቲያን፣ ትውፊት እንደሚነግረን፣ በሰማዕቷ መኖሪያ ቤት ላይ የታነጸች ናት። በ19ኛው ምእተ ዓመት ፍጻሜ ከወለሉ በታች በተደረገው ቁፋሮ የሮማውያን ቤቶች ግድግዳና በጡብ የተሠሩ ክብ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። ቤተ ክርስቲያኒቱን በ9ኛው ምእተ ዓመት እንደገና ያሠሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፓስካል 1ኛ ናቸው። ከመሠዊያው በላይ ባለው የሞዛይክ ሥዕል ላይ ሕንፃውን በእጃቸው ይዘው ለጌታ ሲያቀርቡ ይታያሉ፤ ቅድስት ሴሲልያም እጅዋን በትከሻቸው ላይ አኑራለች። በራሳቸው ዙሪያ ያለው አክሊለ ብርሃን አራት ማዕዘን ነው፤ ይህም ሥዕሉ ሲሠራ ገና በሕይወት እንደነበሩ ያመለክታል። ከመሠዊያው ሥር ደግሞ ስቴፋኖ ማደርኖ በ1600 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የቀረጸው የሰማዕቷ ምስል ተጋድሞአል፤ በአንገቷ ላይ የሰይፍ ቁስል ይታያል።

ወደ ቅዱስ ክሪሶጎኖ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። አሁን የምናየው ሕንፃ የ12ኛው ምእተ ዓመት ሥራ ነው። በደረጃ ወደ ታች ለወረደ ግን፣ ከ1907 ጀምሮ በቁፋሮ የተገለጠው የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ይጠብቀዋል። የዛሬው ምእመን የሚጸልየው ከእርሱ በፊት የጸለዩት በቆሙበት ወለል በላይ ነው።

የእመቤታችን የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያንም በ1140ዎቹ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 2ኛ እንደገና ታነጸች። በአገራችን ክብ አብያተ ክርስቲያናት ቅኔ ማሕሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱም መቅደሱን እየከበበ ወደ ውስጥ ይመራናል፤ በዚህች ባሲሊካ ግን መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ በሁለት ረድፍ የቆሙ ዓምዶች ከደጃፉ አንሥተው ምእመኑን ወደ መሠዊያው ያደርሱታል። ሃያ ሁለቱ የግራኒት ዓምዶች ከጥንት የሮማውያን ሕንፃዎች የተወሰዱ በመሆናቸው ውፍረታቸውም ቁመታቸውም አንድ ዓይነት አይደለም። ሆኖም አንድ ጣሪያ ይሸከማሉ። ቅዱስ ጴጥሮስ እኛን በሕያዋን ድንጋዮች ሲመስለን (1ጴጥ 2፥5) ይህን የመሰለ አንድነት እንድናስብ ነው እንላለን፤ ሀብታሙና ድኻው፣ ሽማግሌውና ልጁ ልካቸው ልዩ ልዩ ሲሆን ሸክማቸው አንድ ነውና።

የቤት ልማድ በዚህ ሰፈር ዛሬም አልጠፋም። በ1968 በሮም ተማሪዎች የተመሠረተው የቅዱስ ኤጂድዮ ማኅበር በቅድስት ማርያም ባሲሊካ የማታ ጸሎት ያደርሳል፤ ድኾችንም ይመግባል። በ2017 ይኸው ማኅበርና የኢጣልያ ጳጳሳት ጉባኤ ከኢጣልያ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት፣ በአገራችን ተጠልለው የነበሩ 500 ስደተኞች በሰላማዊ መንገድ ወደ ኢጣልያ እንዲገቡ ተወሰነ። መጻተኞች የጀመሩት ቤት ለመጻተኛ በሩን ከፈተ ማለት ነው።

እንግዲህ ቁምስናችን በቆርቆሮ ክዳን ሥር ቢሰበሰብ አንፈር፤ የድንጋይ ሕንፃም ቢኖረን አንታበይ። ይልቁንስ ራሳችንን እንመርምር፤ በእሑድ ቅዳሴ ላይ ከኋላ ብቻውን የሚቆመውን እንግዳ ስሙን ጠይቀነው እናውቃለን? ቤታችንስ ለጸሎትና ለእንግዳ የተከፈተ ነው? መምህራን ሆይ፣ ልጆቹን አንድ ቀን በገዛ ቤተ ክርስቲያናችን ዙሪያ አዙሩአቸው፤ ድንጋዩን የተሸከሙትን፣ ገንዘባቸውን የሰጡትን፣ ውኃ የቀዱትን እናቶች ታሪክ ከሽማግሌዎች ጠይቀው ይማሩ። ከእግራችን በታች ያለውን ወለል ያነጠፉልን እነርሱ ናቸውና።

በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት እግዚአብሔር ቤቱን በእኛ ይሥራ፤ አሜን።